ታርጋውን ለማየት ነበር የቆምኩት

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን ለራሴ ቸግሮኝ ጻፍኩ።

ከአራት ወር በፊት ስልኬ ላይ የመኪና አደጋ ቪዲዮ መጣ። ቦታው ከአዋሽ ወዲያ ነው ይላል። የባለቤቴ ስልክ በዚያ ሰዓት አይሠራም ነበር። ታርጋውን ለማየት ብዬ ደጋግሜ አየሁት። የእሱ አልነበረም፣ ተመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የተገለበጠ መኪና፣ ደረቱን የሚመታ ሰው፣ በጨርቅ የተሸፈነ አስከሬን ነው። ትንሹ ልጄ ስልኬን ሲይዝ እንኳ ያ ነው የሚመጣበት። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይኼን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ደብረ ሲና ያለችው አክስቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአጎቴ ልጅ መርዶውን የጻፈው ሁላችንም ባለንበት መተግበሪያ ላይ ነው። እኔ ያየሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ቀብሩም ሠልስቱም አልፏል። በእነዚያ አምስት ቀናት የስንቱን የማላውቀውን ሰው አደጋ አሳይቶኛል! ዘመዶቼ «አይታ ዝም አለች» ብለው ተቀይመውኛል።

ባለቤቴ «ዝጊውና ተገላገይ» ይለኛል። እንዳልዘጋው ጀርመን ያለችውን ታናሽ እህቴንና ልጆቿን የማየው እዚያ ነው። እሷ ደግሞ «እኛ ጋ እኮ መተግበሪያው እየመረጠ የሚያመጣውን ማጥፋት ይቻላል፣ ሕግ አለ» አለችኝ። እውነት ነው? በገዛ ስልኬ የማየውን መምረጥ አልችልም? ወይስ ጥፋቱ የራሴ ነው?

የሹፌር ሚስት፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አክስትሽን ነፍስ ይማር። ያሳደገ ሰው እናት ማለት ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚመጣበትን ነገር እንደ ራሱ ኃጢአት ይቆጥረዋል። «ብወደው ነው እንጂ ለምን ይመጣብኛል?» ይላል። አንቺ የመኪና አደጋ ማየት አትወጂም። የምትወጂው ባልሽን ነው።

የሆነውን እስቲ አብረን እንየው። ባልሽ መንገድ ላይ ነው። ስልኩ አይሠራም። የተገለበጠ መኪና ከፊትሽ መጣ። ታርጋውን ሳታይ የምታልፍ ሚስት የለችም። አንቺ የቆምሽው በጭንቀት ነው። ማሽኑ የመዘገበው ግን «ቆመች፣ ደግማ አየች» የሚለውን ብቻ ነው። ለምን እንደቆምሽ አልጠየቀሽም። የሚጠይቅበት አፍም የለው። ስለዚህ «ይኼ ይመቻታል» ብሎ ሌላ አመጣ። ያንንም በድንጋጤ አየሽው። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር ሞላ።

አልጎሪዝም የሚሉት ነገር ሥራው ይኸው ነው። አንቺ ጋ ሊመጣ የሚችለውን ፖስት ሁሉ ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የበለጠውን ከላይ ይደረድራል። ነጥቡን የሚያገኘው ከእጅሽና ከዓይንሽ ነው። ስንት ሰከንድ ቆየሽ፣ ኮመንቱን ከፈትሽ ወይ፣ ለሰው ላክሽ ወይ፣ የትኛውን ፊት ተጫንሽ። አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ፌስቡክ የተናደደውን፣ የሚያለቅሰውንና የሚስቀውን ፊት ከላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ። በኋላ የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች የተናደደ ፊት የሚበዛበት ፖስት ብዙ ጊዜ ሐሰትና ጠብ ያለበት እንደሆነ አዩ። የንዴቱ ፊት ክብደት በ2020 ወደ ዜሮ ወረደ። ይህ የታወቀው በ2021 ከኩባንያው በወጡ የውስጥ ሰነዶች ነው። አስቢው፣ አንድ ሰው ለማያውቀው ሟች አዝኖ የሚያለቅስ ፊት ሲጫን፣ ማሽኑ ጋ የሚደርሰው «ጨምርልኝ» ሆኖ ነው።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም ብለሽ ካሰብሽ ትዝታሽ ትክክል ነው። ኢንስታግራም እስከ 2016 የምትከተያቸውን ሰዎች ፖስት በመጣበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነበር የሚያሳየው። ያኔ ትዊተር፣ ዛሬ ኤክስ የሚባለውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ መራጩ ማሽኑ ሆነ።

አሁን ወደ አክስትሽ መርዶ ልምጣ። በእኛ አገር የሞት ወሬ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በየደጁ ይዞራል። «እገሊት አርፈዋል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ይላል። ማን ረዘም አድርጎ ያዳምጠኛል ብሎ ቤት አይመርጥም። የተጣላውም ቤት፣ ያኮረፈውም ቤት እኩል ይሰማል። የአጎትሽ ልጅ መተግበሪያው እንደ ጥሩምባ ይሆንልኛል ብሎ ጻፈ። እሱም አልተሳሳተም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናስበው። ግን አልፎ አልፎ ከሚጽፍ ሰው የመጣ፣ ቪዲዮ የሌለው አጭር ጽሑፍ፣ ከአደጋ ቪዲዮ ጋር ሲወዳደር በነጥብ ይሸነፋል። ወደ ታች ይወርዳል። አንቺ ጋ እስኪደርስ አምስት ቀን ፈጀ።

ይኼን ለዘመዶችሽ ንገሪያቸው። «አላየሁትም» ስትያቸው ሰበብ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂያቸው። የሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእኔ ግምት ግማሹ ቅያሜ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደሚሠራው ሥራ። መተግበሪያው የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ በብዛት የምንጠቀምባቸውን ሁሉ እነካለሁ።

መጀመሪያ የአደጋውን ቪዲዮ እናጽዳ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሦስቱን ነጥብ ተጭኖ «ኖት ኢንተረስትድ»፣ ማለትም «አልፈልገውም» ማለትን ነው። ተጫኚው፣ አይጎዳም። ግን ብዙ ተስፋ አትጣዪበት። ሞዚላ የተባለው ድርጅት በ2022 ዩቲዩብ ላይ ከ20,000 በላይ ፈቃደኞችን ይዞ ይኼንኑ ፈትሾ ነበር። «ኖት ኢንተረስትድ» ከማይፈለጉት ጥቆማዎች ያስቀረው 11 በመቶውን ብቻ ነው። «ይኼን ቻናል አታምጣብኝ» የሚለው ግን 43 በመቶውን አስቀርቷል። ያየሽውን ቪዲዮ ከታሪክሽ መሰረዝ ደግሞ 29 በመቶ። ከዚህ የምንማረው አለ። አንዱን ቪዲዮ ከመግፋት አምጪውን ገጽ መዝጋት ይሻላል። አደጋ እየለቀመ የሚያወጣ ገጽ ዛሬ ብታልፊው ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ብሎክ አድርጊው። አትዘኚለት።

ቀጥሎ ማሽኑ ስለ አንቺ የያዘውን ማኅደር አጥፊበት። ቲክቶክ ላይ ከ2023 ጀምሮ «ፎር ዩ» የሚለውን ገጽ እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ይዘት ምርጫ የሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ኢንስታግራምም ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የተመለከትሻቸውን ታሪክ መሰረዝና መመዝገቡንም ማቆም ትችያለሽ። ካቆምሽው የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ሆኖ ነው የሚከፈትልሽ። አትደንግጪ። የምትፈልጊውን ጽፈሽ ትፈልጊያለሽ፣ በቃ። እኔ እንዲያውም ባዶውን ወድጄዋለሁ።

ካጸዳሽ በኋላ ያሉት ቀናት ዋጋ አላቸው። ማሽኑ እንደ አዲስ እየለመደሽ ነው። አደጋ ከመጣ ሳትቆዪ እለፊ። ኮመንት አትክፈቺ፤ «ነፍስ ይማር» ብለሽም አትጻፊ። ይኼን ማለት ይከብደኛል፤ ነፍስ ይማር ማለት የሰውነት ወጋችን ነው። ለማያውቁት ሰው በልብ ማለትም ግን ይቻላል። በእነዚህ ቀናት ስልኩን ለትንሹ ልጅሽም አትስጪው። እሱ የሚያየውም በአንቺ ስም ነው የሚመዘገበው።

ሌላው ቃል ማገድ ነው። እኔ ወንፊት እለዋለሁ። ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ኤክስ ላይ የማትፈልጊውን ቃል ከመዘገብሽ ያ ቃል የተጻፈበት ፖስት እንዳይመጣብሽ ይደረጋል። በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ችግሩ ይኼ ወንፊት ሲሠራ አማርኛ የታሰበ አይመስልም። «አደጋ» ብለሽ ብትመዘግቢ «የአደጋው»፣ «በአደጋ»፣ «አደጋውን» ሊያመልጡ ይችላሉ። እኛ ቃላችንን ከፊትም ከኋላም ነው የምንቀጥለው። ፊደላችንም አለ። አንዱ «ሀዘን» ይላል፣ ሌላው «ሐዘን»፣ ሦስተኛው «ኀዘን»። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ሦስት። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈውን ስትጨምሪበት አራትና አምስት ይሆናል።

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ለሁለት ቀን የሚመጡብሽ ቪዲዮዎች ላይ የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ ቪዲዮውን አትዪው። የሚደጋገሙትን ቃላት ከነዝርዝራቸው ጻፊ። አደጋ፣ የአደጋ፣ አደጋው፣ በአደጋ። ተገለበጠ፣ ተገልብጦ፣ መገልበጥ። አሰቃቂ። አስከሬን፣ አስከሬኑ። ከዚያ አንድ በአንድ አስገቢያቸው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። «ሐዘን»፣ «አረፈ»፣ «ቀብር»፣ «ነፍስ ይማር» የሚሉትን አትመዝግቢ። እነሱን ካገድሽ የገዛ ዘመድሽን መርዶ በእጅሽ ዘጋሽው ማለት ነው። ማሽኑ የእንግዳውን ሞትና የአክስትሽን ሞት አይለይም። ያንን መለየት የምትችዪው አንቺ ነሽ።

የምትችዪ ከሆነም ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጊ። ፌስቡክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሚዲያ የሚለው ቦታ ታገኚዋለሽ። ያልከፈትሽውን ቪዲዮ አየሽ ተብሎ አይቆጠርብሽም። ፓኬጅሽም ይተርፋል።

አሁን ደግሞ የምትፈልጊያቸውን ሰዎች እናምጣ። ፌስቡክ ላይ ሦስት መስመር ያለበትን ምልክት ስትነኪ «ፊድስ» የሚል አለ። በ2022 የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩን አያውቅም። እዚያ የሚመጣው ጓደኞችሽ፣ የምትከተያቸው ገጾችና ግሩፖች የጻፉት ብቻ ነው። አዲሱ ከላይ ነው። የማታውቂውን ሰው ፖስት በጥቆማ አያስገባብሽም። እዚያው ውስጥ «ፌቨሪትስ» የሚል አለ፤ እስከ 30 የሚደርሱ ሰዎችንና ገጾችን ትመዘግቢበታለሽ። እህትሽን አስገቢ። የአጎትሽን ልጅ አስገቢ። ደብረ ሲና ያሉትን አስገቢ። ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ኤክስም የምትከተያቸውን ሰዎች የሚያሳይ «ፎሎዊንግ» የሚል ክፍል አላቸው።

በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ግን ለሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ሰዎችን ፌስቡክና ኢንስታግራም ለሦስት ወር በጊዜ ቅደም ተከተል አድርገውላቸው ነበር። ውጤቱ በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ሰዎቹ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ። ስድብ ያለበት ጽሑፍም ፌስቡክ ላይ ቀነሰላቸው። ነገር ግን ከማይታመን ምንጭ የሚመጣው ጨመረ። የፖለቲካ አመለካከታቸውም አልተለወጠም። በጊዜ ሲደረደር በቀን አርባ ጊዜ የሚጽፍ ገጽ አርባ ጊዜ ይመጣብሻል። እህትሽ በሳምንት አንዴ የምትለጥፈው ፎቶ መሀል ላይ ይሰጥማል።

ለዚህ ደግሞ መከተል ማቆም አለ። ፌስቡክ ላይ ከሰው ጋር ጓደኛ ሆነሽ እየቀጠልሽ የሚጽፈውን እንዳታዪ ማድረግ ትችያለሽ። እሱ አያውቅም። መልእክትም አይደርሰውም። ይኼን አጥብቄ የምነግርሽ የእኛን ይሉኝታ ስለማውቅ ነው። የባልሽ ወንድም ቀኑን ሙሉ ብሔር የሚያባላ ጽሑፍ ቢለጥፍ ብሎክ ማድረግ ቤተሰብ ያጣላል። መከተል ማቆም ግን ማንንም አያስቀይምም። ለ30 ቀን ብቻ ዝም የማስባልም ምርጫ አለ። እኔ በጾም ወራት ለብዙ ገጾች እጠቀምበታለሁ።

መርዶና ቁም ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይውጣ። ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ግሩፕ ክፈቱ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕም ቻናልም የሚጽፈው በመጣበት ሰዓት ነው የሚደርስሽ፤ ማሽን መሀል ገብቶ አይመርጥም። የቤተሰቡን ከላይ ሰክተሽ አስቀምጪው። ሌሎቹን ቻናሎች ዝም አሰኚ፣ ወይም አርካይቭ ውስጥ ክተቻቸው። ሴቲንግ ውስጥ ግሩፕ ላይ ማን ሊጨምረኝ ይችላል የሚለውንም «የማውቃቸው ብቻ» አድርጊው። ካልሆነ ያንን አደጋ የሚለቅም ገጽ ደግሞ በሌላ በር ታገኚዋለሽ። ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ስልክ ይደወል። አንድ ሰው ደዋይ ተብሎ ይመረጥ። በእኔ ቤተሰብ ይኼን የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ከባድ ነገር ካልገጠመ ስሟ በሌሊት ስልኬ ላይ አይመጣም።

ጀርመን ያለችው እህትሽ የነገረችሽ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አለው። በአውሮፓ ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው እንደ ፌስቡክና ቲክቶክ ያሉ ትልልቅ መድረኮች፣ የግል ባሕርይን እየተከታተለ የማይመርጥ ቢያንስ አንድ አማራጭ ማቅረብ አለባቸው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ተፈጻሚ ነው። ስለዚህ እሷ ቲክቶክን ከፍታ «ስለ እኔ ያወቅኸውን ተወውና አሳየኝ» ማለት ትችላለች። አንቺ አዳማ ሆነሽ ያ ሕግ አይደርስልሽም። ከአንድ እናት የተወለዳችሁ፣ አንድ መተግበሪያ የምትጠቀሙ፣ መብታችሁ ግን የተለያየ ነው። ይኼ ያናድደኛል። በትክክል ያናድደኛል።

እዚያም ቢሆን ትግሉ አላለቀም። ምርጫውን ይሰጡሽና መተግበሪያውን ዘግተሽ ስትከፍቺው ወደ ድሮው ይመልሱታል። ፊድስ የነገርኩሽም እንደዚያው ነው፤ ፌስቡክን በከፈትሽ ቁጥር ራስሽ ሄደሽ ትገቢያለሽ። በጥቅምት 2025 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ወስኗል። ቢትስ ኦፍ ፍሪደም የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ነበር ከሳሹ። ፍርድ ቤቱ ሰዎች የመረጡት ነገር በየጊዜው ሳይጠፋ እንዲቆይላቸው አዘዘ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ልብ እዚህ ጋ ነው። ቁልፉን ሠርቶ ጓዳ ውስጥ መደበቅ፣ ያገኘው ሰውም በየቀኑ እንደ አዲስ እንዲፈልገው ማድረግ፣ ምርጫ ሰጠሁ አያሰኝም። አንዴ «የዘመዶቼን በጊዜው አሳየኝ» ካልሽ፣ ሌላ እስክትዪ ድረስ እንደዚያው መቆየት አለበት።

ለእኛ አገር ደግሞ ይኼ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2021 አባቱ የተገደሉበት ኢትዮጵያዊ ሜታን ናይሮቢ ከስሷል። አባቱ ከመገደላቸው በፊት ፌስቡክ ላይ የሚያነጣጥሩባቸው ጽሑፎች ተሰራጭተው ነበር። ክሱ በታኅሣሥ 2022 ሲገባ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ አልጎሪዝሙ ጥላቻን ወደ ላይ መግፋቱን እንዲያቆም ነው። በሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ያ መዝገብ የሚደርስበትን በትኩረት ነው የምጠብቀው። ሰው ከላይ የሚቀመጥለትን ነገር መምረጥ ሲያቅተው ምን ሊከተል እንደሚችል እኛ በሰው ሕይወት አይተነዋል።

ባልሽ «ዝጊው» ያለሽ አዝኖልሽ ነው። እንቅልፍ ማጣትሽን እያየ ነው። አትቆጪው። ከእሱ ጋር ግን አንድ ስምምነት አድርጉ። ሲነሳ ይደውል። አዋሽ ሲደርስ፣ ሚሌ ሲደርስ፣ ሎጊያ ሲያድር አንዲት ቃል ይላክልሽ። «ደርሻለሁ» ትበቃለች። ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ አብሮት የሚጓዝ የአንድ ሹፌር ስልክ ያዢ። ያቺን ቃል ከያዝሽ ታርጋ ፍለጋ የማንም ቪዲዮ ላይ አትቆሚም። አደጋ ሰማሁ ብትዪ እንኳ ቀድመሽ የምትከፍቺው የእሱን መልእክት ይሆናል።

ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደረሳል። ቃሉን ዛሬ ባትመዘግቢ ነገ ትመዘግቢያለሽ። የአክስትሽ አርባ ግን ገና አልወጣም፤ ሦስት ሳምንት ነው ያልሽኝ። ከአሁኑ ደብረ ሲና ደውዪና ቀኑን ጠይቂ። ልጆቹን ለሰው አደራ ሰጥተሽ ከቀኑ በፊት ሂጂ። የአጎትሽ ልጅ ቤት ቀድመሽ ግቢ። መርዶው የደረሰሽን ቀን ንገሪው። ከዚያ አብራችሁ አልቅሱ።